ቆጣሪ አይቆጠርም

ከሙስታላ ቮሩ፣ የአርባ ደቂቃ መንገድ፣
አውቶቡስ ሃያ ሦስት ጠዋት ማታ ሲሄድ፣
ከኋላ ወንበር ላይ በር በሩን እያየሁ
ወረዳው የቀጠረኝ እኔ ነኝ፤ ሰው እቆጥራለሁ።

ቲኬት የለም፣ በነጻ ነው፤ የሚከፍለው መንግሥት፣
ለናፍጣው፣ ለጎማው፣ ለሾፌሩ ደመወዝ፣ እስከ ዛሬ ዕለት።
ጣቴ ሥር መቁጠሪያ፣ ጉልበቴ ላይ ቅጹ፣
ሰው ሲገባ፣ ቀጭ! ይኸው ነው ድምፁ።

ደንቡ ግማሽ ገጽ ነው፣ ማኅተም አርፎበታል፣
ከላይ እስከ ታች ድረስ እንዲህ ይነበባል፦
«በአንድ ጉዞ አምስት ሰው ካልተገኘ በአማካይ፣
ድጎማው ይቆማል ከመጪው ሐምሌ ላይ።
ሾፌር አይቆጠርም። ዕቃ አይቆጠርም።
ቆጣሪ አይቆጠርም።» ከዚህ ሌላ የለም።

ሰኞ፣ ሳይነጋ ገና፣ ሄልዩ ትሳፈራለች፣
ኩላሊቷ ደክሞ ደሟን ታሳጥባለች።
ቀጭ።
ላይኔ ትከተላለች፣ የሆስፒታል ጽዳት፣
ተቀምጣ ሳትጨርስ እንቅልፍ የሚወስዳት።
ቀጭ።
ታአቪ ደግሞ አለ፣ ክላርኔት ያዘለ፣
እግሩ ደረጃ ሲረግጥ «ስንት ደረስን?» ያለ።
ቀጭ።
ሌምቢት መጨረሻ፣ ባርኔጣውን አንስቶ፣
ጉዳይ የለው ከተማ፤ የቤቱን ዝምታ ሸሽቶ።
ቀጭ።
አራት።

ኤንዴል፣ ሾፌሩ ግን፣ ቁጥር ውስጥ ባይኖርም፣
የሚያደርሰው ብዙ ነው፤ ቅጹ ላይ የለም፤
የአንዱን መድኃኒት፣ የአንዱን መነጽር፣
የተሳለ መጋዝ፣ የችግኝ አፈር፣
አንድ ቀን ደግሞ ቀፎ ሙሉ ንቦች፤
ትንፋሽ ሰብስበን ሄድን እንደ ሌቦች።

በረዶ የጣለ ዕለት ጡሩንባ ይነፋል፣
በአሮጊቷ በሳልሜ ደጅ ቀስ ብሎ ያልፋል፤
መጋረጃዋ ካልተነቃነቀ ሞተሩን ያጠፋል፣
ወርዶ ያንኳኳል። እኛም እንጠብቃለን።
ይህንን በየትኛው ረድፍ እንጽፋለን?

ስብሰባው ላይ አንዱ፣ ካልኩሌተር የያዘ፣
«በአንድ ራስ አሥራ አንድ ዩሮ!» እያለ ተከዘ፤
«በታክሲ ብንወስዳቸው ይረክሰን ነበር።»
እውነቱን ነው፤ ሒሳቡ የለበትም ነውር።
ገንዘቡም የሕዝብ ነው፣ የማያልቅ አይደለም፤
ድልድዩም ይፈልጋል፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሁሉም።
ግን ታክሲ ጡሩንባ ነፍቶ መጋረጃ አያይም።

ዓርብ፣ የወሩ ማብቂያ፣ የቆጠራው መዝጊያ፣
እየዘነበ ነው፤ ባዶ ነው መጠለያው፣ ባዶ ነው መጠበቂያ።
የስድስቱን ቀን፣ የአራቱን፣ የሦስቱን ቀን ድምር
አካፈልኩት።
አምስት ለመድረስ አንድ ሰው ይቀር ነበር።
አንድ። ወረቀቱን ገልብጬ ደግሜ ባሰላ፣
ያችው አንዲት ነፍስ ናት፤ ስህተት የለም ሌላ።

ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ያ የሞኞች ተረት፣
አሥር ሆነው ወንዝ ተሻግረው ዘጠኝ የሆኑበት፣
እያንዳንዱ ሲቆጥር ራሱን እየዘለለ፣
«ውሃ በላብን!» እያለ፣
ደረቱን እየደቃ ያነባው ላልጎደለ፤
ስስቅ ነበር ያኔ።

አሁን ከመስኮቱ፣ ከዝናቡ ጀርባ አንድ ሰው ያየኛል፤
እርጥብ ካፖርት ለብሷል፣ ወንበር ይዟል፣ ቤቱም ሩቅ ይመስላል፤
እኔ።

ኤንዴል በመስታወት አየኝና «ስንት?» አለ በቅንድቡ።
ታአቪ ክላርኔቱን አቀፈ። ላይኔ ተኝታለች። ጣራውን ይመታል ዝናቡ።
ቆጣሪ አይቆጠርም፤ ማኅተም አለው ደንቡ።

ቢደርሱበት፣ ቢያባርሩኝም፣ መኪና የለኝም፤
ከሰኞ ጀምሮ ተሳፋሪ ነኝ፤ ሐሰት የለበትም።

ቀጭ።